በነሐሴ ባዶ የሚተው ቦታ፦ የቆቃ ግድብና የአዋሽ ሰዎች

ከሞጆ ተነስቶ በቆቃ በኩል ወደ መቂ የሚሄድ መንገደኛ ሐይቁን በሁለት መልኩ ያውቀዋል። በሰኔ መግቢያ ካለፈ ውሃው ሩቅ ነው። ዳርቻው ተሰነጣጥቋል፤ ከወራት በፊት ጀልባ ይሄድበት በነበረው ቦታ ከብት ይግጣል፤ የሽንኩርትና የቲማቲም አምራቹ የፓምፑን ቱቦ እያስረዘመ የሸሸውን ውሃ ተከትሎ ወርዷል። በመስቀል ሰሞን ሲመለስ ያ ሁሉ የለም። ቡናማ ውሃ ከዳር እስከ ዳር ተንጣሎ፣ ማሳውም ግጦሹም ከሥሩ ገብቷል።

ሁለተኛውን መልክ እንወደዋለን። የሞላ ግድብ የጥጋብ፣ የጎደለ ግድብ የችግር ምልክት ሆኖ ነው የሚታየን፤ ዜናውም «ግድቡ በሚፈለገው መጠን ውሃ ይዟል» ሲል ደስ ይለናል። እኔ ግን ማስረዳት የምፈልገው ስለ ሌላው ነው፤ ክረምቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ግድብ ውስጥ ሆን ተብሎ ስለሚተው፣ ውሃ ስለሌለበት ቦታ። ያ ቦታ ምን ያህል ይሁን የሚለው ጥያቄ ቆቃ ከተገነባ ጀምሮ፣ ከ60 ዓመት በላይ አብሮን አለ። አዋሽ ዳር ለሚኖር ሰው ደግሞ የቤቱና የከብቱ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከምጣድ እንጀምር። ውሃ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው በብዛቱና በሚወርድበት ከፍታ ነው። ከ40 ሜትር ገደማ የሚወርድ ውሃ 1 ኪሎዋት ሰዓት ለመስጠት 10 ሜትር ኪዩብ ያህል ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ጋገራ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። እንግዲህ በቆቃ ተርባይን ብቻ እንጀራ የሚጋግር ቤት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ30 ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ከግድቡ ያስወጣል፤ በ200 ሊትር በርሜል ሲቆጠር ከ150 በርሜል ይበልጣል ማለት ነው። የሐይቁ ከፍታ ሲወርድ ለዚያው እንጀራ የሚያስፈልገው ውሃ ይጨምራል፤ የሚወርድበት ቁመት አጥሯልና። ግድብ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ሐይቃቸው ሞልቶ ማየት የሚወዱት ለዚህ ነው። የሞላ ሐይቅ ውሃው ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ በርሜልም ጉልበቱ የበለጠ ነው።

አሁን የዝናቡን ጠባይ እንጨምርበት። አዋሽ በዓመት ከሚያወርደው ውሃ አብዛኛው የሚመጣው በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ነው። ቀሪዎቹን ወራት ተርባይኑም መስኖውም የሚኖሩት ከተጠራቀመው ነው። ውሃውን የሚያስተዳድረው ሰው በሐምሌ ማብቂያ ሁለት መንገድ ይገጥመዋል። ቶሎ ሞልቶት ከዚያ የነሐሴ ማብቂያ ዝናብ ቢጠና፣ የሚያኖርበት ቦታ ስለሌለው ማስተንፈሻውን ይከፍታል፤ ውሃው ወደ ታች ይሄዳል። ቦታ ትቶ ቢጠብቅና ዝናቡ ለመስቀል ሳይደርስ ቢቆም ደግሞ በግንቦት ተርባይኑ ይቆማል፤ ሸንኮራው ይጠማል። በሐምሌ የተወሰነው ነገር ልክ ይሁን ስህተት የሚታወቀው በመስከረም ነው፤ ያኔ ደግሞ ማስተካከያ የለም።

የዘርፉ ሰዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት አንድ ወረቀት አላቸው። ከታች 12ቱ ወራት፣ በጎን የሐይቁ ከፍታ በሜትር ተጽፎ፣ መሃሉ ላይ የሚወርድና የሚወጣ መስመር ተሰምሮበታል። መስመሩ በየትኛው ወር ሐይቁ ከየት በላይ እንዳይወጣ፣ ከየትስ በታች እንዳይወርድ ይናገራል። ተግቶ የሠራ መሐንዲስ የሳለው ሥዕል ይመስላል፤ ነውም። ግን አደጋን የሚያከፋፍል ሥዕል ነው። የነሐሴውን መስመር አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ጎርፉን ወደ አፋር ሰው ማስጠጋት ነው፤ አንድ ሜትር ዝቅ ማድረግ ችግሩን ወደ መብራት ተጠቃሚውና ወደ መስኖው ማዞር ነው። ይህን ወረቀት ያየ የአዋሽ ነዋሪ ስንት ይሆን? ጥያቄው ለዓመታት የሚከነክነኝ ነው።

ቆቃ ሲሠራ ማንም ይህን ሁሉ አላሰበም ማለት አልችልም፤ ዋናው ዓላማ ግን መብራት ነበር። ግድቡ ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሳ ተገንብቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ3 ተርባይኖች 43.2 ሜጋዋት ያመነጫል፤ በጊዜው ከአገሪቱ የኃይል ማመንጫዎች ትልቁ ነበር። ከበስተታች፣ ያንኑ ከቆቃ የሚወጣ ውሃ ደግመው የሚጠቀሙ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 በ1950ዎቹ ማብቂያና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተጨመሩ፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት። አንድ በርሜል ውሃ ከቆቃ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ይሠራል።

መብራቱን ተከትሎ ሸንኮራና ጥጥ መጣ። ወንጂ ከግድቡ በፊት፣ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀምሯል፤ ግድቡ በበጋም የማይጎድል ውሃ ስለሰጠ መተሐራና ወደ ታች ያሉት የአሚባራ እርሻዎች ተከተሉ። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። አዋሽ በየክረምቱ ከአልጋው ወጥቶ የሚያጠጣው ሜዳ የከረዩና የአፋር አርብቶ አደር የበጋ ግጦሽ ነበር። ደጋው ሲደርቅ ከብቱ የሚወርደው ወደዚያ ነበር። ወንዙ ሲገራና ሜዳው እርሻ ሲሆን ግጦሹ ጠበበ። ጎርፍ ሁሉ ጠላት ነው ብሎ መጻፍ ስለዚህ አይቻልም። ለዚያ አካባቢ ሰው ልኩን የጠበቀ፣ በጊዜው የመጣ ጎርፍ ሣር ነበር።

ወንዙ ከተገራ በኋላ ሌላ ነገርም ተለወጠ። ሰው ወደ ወንዙ ቀረበ። ለብዙ ዓመታት ውሃ ያልደረሰበት ዳርቻ ላይ ቤት ተሠራ፣ ማሳ ታረሰ፣ የሠራተኛ ሰፈር ተተከለ። በ10 ወይም በ15 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው ትልቅ ክረምት ሲመጣ ውሃው የሚሄደው ወደ ድሮ ቦታው ነው። አሁን ግን ድሮ ቦታው ላይ ሰው አለ።

የ2012 ዓ.ም. ክረምት እንዲህ ያለ ነበር። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጠናና የላይኛው አዋሽ ከአልጋው ወጣ፤ የበቾ ሜዳ በውሃ ተሸፈነ። ቆቃ ሞላ፤ የከሰምና የተንዳሆ ግድቦችም ሞሉ። በአፋር በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ እርሻ ተዋጠ፣ ከብት ሄደ። አፋር ውስጥ ጎርፍ ሲመጣ ሰማዩ ላይ ደመና ላይኖር እንደሚችል ልብ ይሏል። ዝናቡ የዘነበው ሸዋ ላይ ነው። እረኛው ማታ ትቶት የተኛው ወንዝ ጠዋት ሌላ ወንዝ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ፍየሎቹን ያሳደረበት ደሴት መሳይ መሬት በእርግጥም ደሴት ሆኗል።

ከእንዲህ ያለ ክረምት በኋላ ሁሌ የሚደገም ክርክር አለ። ግድቡን የሚያስተዳድሩት «ግድቡ ባይኖር ጎርፉ ይብስ ነበር» ይላሉ። የታችኛው ነዋሪ «ያጠፋን በሩ የተከፈተ ቀን ነው» ይላል። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ግድብ የጎርፉን ጫፍ ይቆርጣል፤ ከላይ የገባው ሁሉ በገባበት ፍጥነት ወደ ታች አይወርድም። ሆኖም ግድቡ እስከ አፉ ከሞላ በኋላ የሚቆርጠው ነገር የለውም፤ የገባው ያህል ማውጣት ግዴታው ይሆናል፤ ያለዚያ ግድቡ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በዚያ ቀን ማስተንፈሻውን የከፈተው ሠራተኛ ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ እሱን መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም። መጠየቅ ያለበት ከዚያ ቀን በፊት የነበሩት ስምንት ሳምንታት ናቸው፦ ሐምሌ ሲገባ ሐይቁ ስንት ሜትር ላይ ነበር? ስንት ሜትር ላይ እንዲሆንስ ታስቦ ነበር?

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያሳስበኝን ላንሳ። ደለል።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነስቶ፣ የታረሰ ቁልቁለት አቋርጦ፣ ከሸዋ ገጠር አፈሩን ይዞ ነው ቆቃ የሚገባው። ሞጆ ወንዝም የራሱን ይዞ ይመጣል። ወንዝ ሲሮጥ የሚሸከመውን አፈር፣ ከቆመ ውሃ ጋር ሲገናኝ ይጥለዋል። ከባዱ አሸዋ እዚያው አፉ ላይ ይቀራል፤ ረቂቁ ጭቃ እስከ ግድቡ ግንብ ድረስ ይሄዳል። ብዙ ሰው ደለል የሚሞላው የሐይቁን ወለል፣ ማለትም ለሥራ የማይውለውን የታችኛውን ክፍል ብቻ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ወንዙ የሚገባበት የላይኛው ጫፍ ጥልቀት የሌለው ስለሆነ እዚያ የሚከማቸው አፈር የሚበላው ለመብራት፣ ለመስኖና ለጎርፍ የሚያገለግለውን የላይኛውን ክፍል ነው።

ቆቃ ሲሠራ ከ1.6 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ይይዝ ነበር። 40 ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በተደረገ ልኬት ከዚያ ውስጥ ሲሶ የሚጠጋው በደለል ተይዞ ተገኘ። የጠፋው ሲሶ ጎርፍ ሊያርፍበት የሚችል ቦታ ነበር። ከዚያ ወዲህም ወንዙ ሥራውን አላቆመም።

በግድብ ግንብ ላይ በቀለም የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ጠዋት ጠዋት ይነበባል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ለማዕከል ይነገራል። ቁጥሩ ከ60 ዓመት በፊት ያሳይ የነበረውን ከፍታ ዛሬም ያሳያል። ከሥሩ ያለው ውሃ ግን ያን ጊዜ የነበረው ያህል አይደለም፤ ከፊሉ አፈር ሆኗል። ስለዚህ የድሮውን መስመር ይዞ፣ የድሮውን ቁጥር እያነበበ የሚሠራ ሰው፣ ሳያውቀው በየዓመቱ እየጠበበ በሚሄድ ጋን ውስጥ ውሃ ይለካል። መድኃኒቱ ጀልባ ላይ የጥልቀት መለኪያ ጭኖ ሐይቁን በየጥቂት ዓመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካት፣ ከዚያም መስመሩን በአዲሱ ልክ ማስመር ነው። ብርቅ ሥራ አይደለም፤ ሳይታክቱ መደጋገም ብቻ ነው የሚፈልገው።

ደለል ግድብን እስከምን እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቆቃ በላይ፣ አቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። በደለል ተሞልቶ ለአሥርተ ዓመታት ከሥራ ውጭ ሆኖ ከቆየ በኋላ ነው ታድሶ እንደገና መብራት የሰጠው።

ሱዳኖች በዓባይ ላይ ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ አለ። ሮዜሬስ ግድብ የክረምቱ ውሃ ሲበረታ ሐይቁን ዝቅ አድርጎ ይቆይ ነበር፤ አፈር የበዛበት የመጀመሪያው ጎርፍ አልፎ ከሄደ በኋላ፣ በመስከረም ነው መሙላት ይጀምር የነበረው። ብዙ ውሃ ያሳልፍ ነበር፤ ብዙ ጭቃም ያሳልፍ ነበር። እነሱ ይህን ማድረግ የቻሉት ከነሐሴ በኋላም የሚሞላ ውሃ ዓባይ ስለሚያወርድላቸው ነው። አዋሽ ዓባይ አይደለም፤ ዘዴውን እንዳለ ወደ ቆቃ ማምጣት አይቻልም። ሐሳቡ ግን፣ የጎርፍና የደለል መፍትሔ አንድ ላይ ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል፤ ሁለቱም የሚጠይቁት በነሐሴ ዝቅ ያለ ሐይቅ ነው።

ጣና ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ ነበረው። እዚያ ማጠራቀሚያው ተፈጥሮ የሠራችው ሐይቅ ነው፤ ጨረጨራ ላይ የተሠራው መቆጣጠሪያ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሰፋ አንድ ሜትር ከፍታ 3 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ነው፤ ከመላው ቆቃ እጥፍ ማለት ነው። ጢስ ዓባይ 2 በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በ1995 የዝናብ እጥረትና ለተርባይን የሚወጣው ውሃ ተደምረው ሐይቁ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ። መርከቦቹ ለ4 ወር ያህል መሄድ አቆሙ። በዚያው ጊዜ ዳርቻው ላይ ያለው ገበሬ ባሕር ሸሽ የሚለውን፣ ውሃው ለቆት የሄደውን መሬት አርሶ ዘራበት። አንዱ የከሰረበት ሜትር ለሌላው ማሳ ሆነ። በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ የምናውቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ውሃው ወደ ተርባይን ሲዞር የቀጠነባቸው ብዙ ወራት ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ይዞ ሲመጣ ውሃው በዋሻ ወደ በለስ መሄድ ጀመረ፤ ክርክሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አላለቀም።

በተቃራኒው በኩል ያለውን ስህተት ደግሞ የከተማ ሰው በደንብ ያውቀዋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግድቦች፣ በተለይም በግልገል ጊቤ 3 ያለው ውሃ በመቀነሱ የ476 ሜጋዋት እጥረት መፈጠሩ ተነግሮ መብራት በፈረቃ ሆነ። ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚላከውም ተቋረጠ። ሊጥ አቡክታ የፈረቃዋን ሰዓት የምትጠብቅ እናት፣ ጄኔሬተር የሌለው ፀጉር አስተካካይ፣ በሌሊት ፈረቃ የሚበየድበት ብረታ ብረት ቤት፤ ባዶ ቦታ ይተው የሚል ሰው ለእነዚህ ማስረዳት ግዴታው ነው። የፈረቃ ዘመን ትዝታ ነው እያንዳንዱን ጠብታ እንድንሰስት ያደረገን።

ሁኔታው ግን ተለውጧል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅምና እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ አለው። የቆቃ 43.2 ሜጋዋት ከእሱ 1 በመቶ አይሞላም፤ አዋሽ 2 እና 3 ቢጨመሩም 2 በመቶ ገደማ ነው። ቆቃን በነሐሴ እስከ አፉ ለመሙላት ይቀርብ የነበረው ትልቁ ምክንያት መብራት ነበር። ያ ምክንያት ዛሬ የድሮ ክብደቱን አጥቷል። የቀረው መስኖው ነው፤ እሱ ቀላል አይደለም፤ ወንጂና መተሐራ በግንቦት የሚጠጡት የመስከረሙን ውሃ ነው። ቢሆንም መስኖና ጎርፍ የመብራትና የጎርፍን ያህል አይጋጩም፤ መስኖው የሚፈልገው በክረምቱ መጨረሻ የሞላ ሐይቅ ነው፣ የታችኛው ሰው የሚፈልገው በክረምቱ መካከል ቦታ ያለው ሐይቅ። በሁለቱ መካከል ሳምንታት አሉ። የቆቃ መስመር እንደገና ሊሰመር የሚገባው አሁን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሲሰመርም የአፋርና የከረዩ ሽማግሌዎች ከመሐንዲሱና ከእርሻው ኃላፊ ጎን መቀመጥ አለባቸው።

መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ደግሞ ለሕዝብ ይታይ። ዛምቤዚ ላይ ያለው ካሪባ፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ የሚጋሩት ሐይቅ፣ ከፍታው በሜትር፣ ለኃይል ማመንጫ የቀረው ውሃም በመቶኛ ተሰልቶ በየጊዜው ይፋ ይደረጋል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ደስ አያሰኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ማብቂያ ውሃው ተሟጦ ዚምባብዌ በእሷ በኩል ያለውን ማመንጫ እንድታቆም እስከመነገር ተደርሷል። ግን የከፍታውን መውረድ ከወራት በፊት ማንም ጋዜጣ አንባቢ ሊከታተለው ይችል ነበር። ወደ እኛ ስንመለስ፣ በ2018 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሲከሰት ግብፅ ጣቷን ወደ ህዳሴ ግድብ ቀሰረች፤ መንግሥታችን አስተባበለ። ከአዋሽ እስከ ዓባይ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ሐይቁ ዛሬ ስንት ሜትር ላይ ነው፣ ነገስ ስንት ሜትር ኪዩብ ይወጣል?

ለአዋሽ ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከሞላ ጎደል አለ። ከቆቃ በላይ ሆምቦሌ ላይ የወንዙን ፍሰት የሚለካ ጣቢያ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። እዚያ ያለፈ ጎርፍ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት መጠኑ ይታወቃል። ከቆቃ በር ወጥቶ አሚባራ ለመድረስ ደግሞ ቀናት ይወስድበታል። ማስጠንቀቂያው ግን ብዙ ጊዜ «የአዋሽ ዳር ነዋሪዎች ጥንቃቄ አድርጉ» ከሚል አያልፍም። በአፋርኛና በኦሮምኛ፣ ሐሙስ ምሽት ውሃው እስከዚህ ዛፍ ድረስ ይደርሳል ብሎ የሚናገር መልእክት ለእረኛው ሁለት ቀን ይሰጠዋል። ሁለት ቀን ፍየሎቹን ከዚያ ደሴት መሳይ መሬት አውጥቶ ወደ ከፍታው ለመንዳት ይበቃዋል።